የሐሙስ ተራ

ሪፖርቱ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፤ የእኔና የሳሊሕ። እኔ ከፈረምኩ ወራት አልፈዋል፣ የሳሊሕ መስመር ግን እስካሁን ባዶ ነው። ሰኞ ጠዋት አለቃችን ኢንጂነር ከበደ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመና «ሀውራ፣ አርብ ካልገባ ከእንግዲህ አይቀበሉንም» ብሎኝ ሄደ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ከጦርነቱ ወዲህ ሐይቅ ከተማ ያለው ቢሯችን ውስጥ ሰው ሁሉ ቃል ይቆጥባል። ከስምንት ጠረጴዛ አምስቱ ባለቤታቸው አልተመለሰም፤ የተመለስነውም የምንተያየው ጀኔሬተር በሚነሳባት በዚያች ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ እሷም ትጠፋለች፣ እኔም በመስኮት ሐይቁን እያየሁ እቀመጣለሁ። ሐይቅ ማየት ለሁለት ሲሆን እንዴት ደስ እንደሚል ያወቅሁት አሁን ነው።

ሪፖርቱ ስለ ሞዴል ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ከባድ አይደለም። ቧንቧ ከመቅበራችን በፊት ውሃው ከጉድጓድ ተነስቶ ቦኖ እስኪደርስ ያለውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ እንሠራዋለን፤ ሞተሩን፣ ማጠራቀሚያውን፣ መዝጊያዎቹን፣ ማን ምን እንደሚሠራ ጭምር። አንዱን ስንነካው ሌላው ምን እንደሚሆን ወዲያው ያሳየናል። በወረቀት ሲሆን አንዱ ገጽ ከሌላው ይጣላና ማንም ሳያውቅ ዓመት ያልፋል። በ2011፣ ያኔ ሰው ሁሉ ስለ ለውጥ ሲያወራ፣ ይህ አሠራር በአምባሰል መንደሮች የውሃ ሥራ ላይ ይሞከር ተባለና እኔና ሳሊሕ ተመደብን። ላይ ገንዳ የምትባል መንደር ተሰጠችን። ሁለታችንም በየራሳችን አካሄድ ሞዴል እንድንሠራላት፣ ከዚያ አነጻጽረን የተሻለውን ለሌሎቹ መንደሮች እንድናስመርጥ፣ የቀረው እንዲጣል።

እኔ ከዕቃው እጀምራለሁ። መጀመሪያ ሞተር፣ ቧንቧ፣ መዝጊያ፣ እያንዳንዱ ከነቁጥሩ፤ ከዚያ ግንኙነታቸው፤ ሰው መጨረሻ ላይ «ኦፕሬተር» በሚል አንዲት ሳጥን ይገባል። ንጹሕ ነው። የእኔን ሞዴል አዲስ አበባ ያለ ሰው ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ሳሊሕ ደግሞ ከሰው ይጀምራል። ጠዋት ማን ይነሳል፣ ምን ይከፍታል፣ ያ ሰው ባይኖርስ ማን ይተካዋል፣ ተተኪውም ባይኖርስ? ዕቃው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ስከፍተው «ጋሽ ኑርዬን ጉልበታቸውን ሲያማቸው» የሚል ርዕስ አገኘሁና ከወንበሬ እስክወድቅ ሳቅሁ።

«ይሄ ሞዴል ነው የሰፈር ወሬ?» አልኩት።

«ውሃው የሚሄደው በሰፈር ወሬው ውስጥ ነው አቦ» አለኝ። «ቧንቧ ብቻውን የት ያደርሰዋል?»

ሳሊሕ እንዲህ ነበር፤ ሲሰድቡት ይስቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ ስኳር አለበት፤ መርፌውን በትንሽ ቦርሳ ይዞ ይዞራል፣ በሰዓቱ ካልበላ እጁ ይንቀጠቀጣል። እኔ ሥራ ይዤ ምሳ ስረሳ ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ላፕቶፔ ላይ ያስቀምጥልኛል። ራሱን ሲወጋ ፊቴን ወደ መስኮት አዞራለሁ፤ እሱ ደግሞ «አብሽሪ፣ የሚያመው እኔን ነው» ይላል። እወደው ነበር። ያኔ ብጠየቅ ኖሮ የሥራ ባልደረባዬ ነው ብዬ እምል ነበር፣ ወላሂ።

በመስከረም 2014 የሪፖርቱን መደምደሚያ ብቻዬን ጻፍኩት። ተራው የእኔ ስለነበር ነው ማለት እችላለሁ፤ እውነቱ ግን ማሸነፍ ፈልጌ ነው። የእኔ ሞዴል እንዲመረጥ፣ የእሱ እንዲጣል የሚል ሐሳብ አቀረብኩና ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋሁት፦ «ሁለተኛው አካሄድ በሰው ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሰው ደግሞ ይሄዳል።» ስጽፈው ኮርቼበት ነበር። ሳሊሕ ቆሞ አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«ይሄን ስለ ውሃው ነው የጻፍሽው ስለ እኔ?» አለኝ።

«ስለ ሁለታችሁም» አልኩት። ምላሴን እንዲህ አድርጎ የፈጠረው አላህ ነው የሚያውቀው።

አልፈረመም። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ላይ ገንዳ፣ እናቱ ዘንድ ሄደ፤ እዚያ ሆኖ እየሠራ እንደሚቆይ የነገረው ለከበደ ብቻ ነው። ቀኑ መስከረም ሃያ አምስት ነበር። እኔም ይደውል እንጂ አልደውልም ብዬ ተቀመጥኩ። ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ደረሰብን። ላፕቶፔን በነጠላዬ ሥር ጠቅልዬ ከሕዝቡ ጋር ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም እስከ ደብረ ብርሃን በእግርም በመኪናም ሸሸሁ። በታኅሣሥ ስመለስ የተከራየኋት ቤት በሯ ተሰብሯል፤ ከግድግዳ ወዲያ የምትኖረው ጎረቤቴ ዙሌይካም ሸሽታ በዚያው ልጇ ዘንድ ባቲ ቀርታለች። ያን ጊዜ ኩራቴን ትቼ ለሳሊሕ መደወል ጀመርኩ። ስልኩ ዝግ ነው። ወደ አምባሰል ተራራ ግርጌ ኔትወርክ ገና አልተመለሰም ይባል ስለነበር በየቀኑ ለራሴ የምነግረው እሱኑ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከስልኩ ይልቅ ፊቱን ነበር የፈራሁት።

ማክሰኞ፣ በጀኔሬተሯ ሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ሁለቱን ሞዴሎች ጎን ለጎን ከፈትኩ። «መብራት ሲጠፋ» የሚለው የእኔ ገጽ ላይ አንድ ሳጥን ብቻ አለ፦ ጀኔሬተር። የላይ ገንዳው ጀኔሬተር በጦርነቱ እንደተዘረፈ፣ ትራንስፎርመሩም እንደተመታ ሰምቻለሁ። በእኔ ሞዴል ስንሄድ ላይ ገንዳ ውሃ ካየች ሦስት ወር ሆኗታል ማለት ነው። የሳሊሕ ገጽ ደግሞ አላልቅ አለኝ። ከማጠራቀሚያው በላይ ያለው የድሮ ምንጭ፣ እኔ አርጅቷል ብዬ ከሞዴሌ የሰረዝኩት፣ እሱ ዘንድ በቁልቁለት ወደ ማጠራቀሚያው ይወርዳል፤ መዝጊያውን በየቀኑ የሚከፍት ተረኛ ሰው አለ፤ ለተረኛው ተተኪ አለው። ለዓመታት ስስቅበት የኖርኩትን ገጽ ያን ቀን ነው በወጉ ያነበብኩት። በነጋታው ላይ ገንዳ ሄጄ ሳሊሕን ላገኘው፣ ያንን ዓረፍተ ነገር ፊቱ ላይ ልሰርዘውና አጥፍቻለሁ ልለው ወሰንኩ። ለፊርማው ግድ አልነበረኝም።

ረቡዕ በሚኒባስ ውጫሌ ገባሁ። ከውጫሌ በባጃጅ መንገዱ እስኪያልቅ፣ ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል። መንገድ ላይ የምለውን ስለማመድ ሄድኩ፤ እሱ የሚመልሰውንም ራሴ እመልሳለሁ፣ ብቻዬን መሳቄም አልቀረ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ቦኖውን ነው። ሴቶች ጀሪካን ደርድረዋል፣ ውሃው ይወርዳል። ቆሜ አየሁት። መብራት የለም፣ ጀኔሬተር የለም፣ ውሃ አለ። «አሸነፍከኝ አይደል» አልኩ ጮክ ብዬ፤ በደስታ ነው ያልኩት።

«አሰላሙ ዐለይኩም» ብዬ ጠጋ አልኩ። ሰላምታው ተመለሰልኝ፣ ግን በግማሽ አፍ። ያቺ ሁሌ ጉንጬን ይዛ የምትስመኝ ረቢያ እንኳ ጀሪካኗን ይዛ ዞር አለች። መብራቱን ባለማስጠገናችን ቢሮውን ተቀይመው ነው አልኩ በልቤ፤ አይፈረድባቸውም። ጋሽ ኑርዬ ከቅሬው ዕቃ ቤት ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። የቅሬው ዳኛ ናቸው። ቅሬ የእኛ አገር ዕድር ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀባበርበታል፣ አብሮ ይረዳዳበታል፣ ጥሪው የደረሰው ሰው አይቀርም።

«መጣሽ?» አሉኝ፤ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«መጣሁ ጋሽ ኑርዬ። እንዴት ከረማችሁ? ሳሊሕን ፈልጌ ነው። አንድ ወረቀት ላስፈርመው ነበር።»

ቦኖው ጋ ወሬው ቀጥ አለ። ረቢያ «ያ ረቢ!» ብላ ጀሪካኗን ሳትሞላ አንስታ ሄደች። ጋሽ ኑርዬ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ምን ሁነሻል አንቺ ልጅ?» አሉ ቀስ ብለው። «ትቀልጃለሽ እንዴ?»

ያኔ ገባኝ። ከቃላቸው አይደለም፤ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ አይቼ ነው። ከጋሽ ኑርዬ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አልሰማሁም» አልኩ። «ጋሽ ኑርዬ፣ ወላሂ አልሰማሁም።»

«ኸሚስን ልኬብሽ! ኸዚህ ሐይቅ ድረስ በእግሩ፣ ታጣቂው መንገዱን ሁሉ ይዞት ሳለ! ነገርኩ ብሎ ነው የተመለሰው።»

ኸሚስ የቅሬው ጠሪ ነው። ተጠርቶ መጣና ፊቴ ቆሞ፣ እንደተከሰሰ ሰው፣ አንድ በአንድ ተናገረ። ሁለት ቀን በጫካ በጫካ ሄዶ ሐይቅ ገብቷል። ቤቴ ተዘግቷል። በቅሬው ደንብ ቤት ከተዘጋ ለቅርብ ጎረቤት መንገር በቂ ነው፤ ስለዚህ ገና ያልሸሸችውን ዙሌይካን ጠርቶ «ለሀውራ ንገሪ፣ ሳሊሕ ሞቷል» አላትና ተመለሰ። ጥሪው ደርሷል ተባለ። ከዚያ በኋላ መንደሩ ሁሉ ጠበቀኝ። አልመጣሁም። ለሦስቱ ቀን አልመጣሁም፣ ለአርባው አልመጣሁም። እኔ ሐይቅ ተቀምጬ ስልኩ ለምን ዝግ ሆነ እያልኩ፣ እነሱ ደግሞ ያቺ የሐይቋ ልጅ እንዲህ ጨካኝ ነበረች ወይ እያሉ ከረምን።

እናቱ እትዬ ኡሙሰልማ ቤታቸው ውስጥ መደብ ላይ ነበሩ። ስገባ ዓይናቸውን አላነሱም። ጋሽ ኑርዬ ከኋላዬ «አልሰማችም ኑሯል ኡሙሰልማ፣ ጥሪው ኸጎረቤት ቀርቷል» አሉ።  እትዬ ኡሙሰልማ መደቡ ላይ ጠጋ አሉና «ተቀመጪ» አሉኝ።

የነገሩኝ ሁሉ አጭር ነው። መርፌው በጥቅምት መጨረሻ አለቀ። ውጫሌ ወረደ፣ መድኃኒት ቤቶቹ ተዘግተዋል። የመንደሩ ጤና ኬላ የለውም። መንገድ ሁሉ ዝግ ነው። «ኸዚያ ወዲህ ስድስት ቀን ቆመ ልጄ» አሉ። «ስድስቱንም ቀን እየዞረ ለምንጩ ተረኛ ሲመድብ ነው የዋለ። አረፍ በል ስለው፣ እማ፣ መብራት ሲጠፋ የሚለውን ገጽ እየጨረስኩ ነው ይለኛል። ለሁሉም ተተኪ አበጀ። ለመርፌው ግና ምን ይተካበታል?» ኅዳር ስድስት፣ ሰኞ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ሞተ።

አለቀስኩ። ሴትዮዋ ፊት፣ እንደ ሕፃን፣ አፍንጫዬን በነጠላዬ እየጠረግሁ። አጥፍቻለሁ አልኩ፤ ደጋግሜ አልኩት። እትዬ ኡሙሰልማ ምን እንዳጠፋሁ አልጠየቁኝም። ለእሱ ይዤው የመጣሁት ቃል ነበር፣ የሚቀበለኝ ጠፋና እሳቸው ላይ አፈሰስኩት። መሽቶ ስለነበር እዚያው አሳደሩኝ፤ የተኛሁት የሳሊሕ መደብ ላይ ነው። ከራስጌ ያቺ ትንሽ ቦርሳ ምስማር ላይ ተሰቅላለች። ባዶ እንደሆነች ለማወቅ መንካት አላስፈለገኝም።

ጠዋት ጋሽ ኑርዬ ደብተር ይዘው መጡ። የውሃ ተራውን የያዘው ቅሬው ነው። በእኔ ሞዴል የመዝጊያዎች ሁሉ መክፈቻ «ቢሮ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት» ይላል፤ በእውነቱ ግን ከቅሬው ድስትና ድንኳን መሃል ነው የሚቀመጠው፣ ምክንያቱም ሰው ቢሮ ሲዘጋ አይቶ ያውቃል፣ ቅሬ ሲዘጋ አላየም። ደብተሩን ገልጠው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አኖሩ። የሳሊሕ እጅ ጽሑፍ ነው።

«ሐሙስ፦ ሳሊሕ። እሱ ከሌለ፦ ሀውራ፣ ሐይቅ።»

ከጎኑ ቀን አለው፤ መስከረም 28። ከተጣላን ሦስት ቀን በኋላ። ያንን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄዶ፣ ሦስት ቀን አስቦ፣ ይህን ጻፈ።

«ወንድም እህት የለውም፣ ተተኪ ደግሞ ግድ ነው» አሉ ጋሽ ኑርዬ። «ይቺ ማናት፣ ኸሐይቅ እስክትደርስ ውሃው ይጠብቃታል ወይ ብየው ነበር። ምላሷ ስል ነው፣ ግና ከጠሯት ትመጣለች አለኝ።»

መስመሩን በጣቴ ነካሁት።

«ባንቺ ተራ አሥራ አንድ ሐሙስ እኔው ከፈትኩልሽ» አሉና ጉልበታቸውን አሹ። «ዛሬ ምን ቀን ነው?»

ሐሙስ ነበር። መክፈቻ ብረቱን ተሸክሜ ከኋላቸው ወጣሁ። ምንጩ ከመንደሩ በላይ፣ ወይራ ሥር ነው። ከሥሩ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ወርጄ ብረቱን መዝጊያው ራስ ላይ ገጠምኩና አዞርኩት። አልነቃነቅ አለኝ። «በትከሻሽ!» አሉ ከላይ። ሃያ ሁለት ዙር ነው። ያንን ቁጥር ከሦስት ዓመት በፊት፣ ምንጩን ሳልሰርዘው፣ ሞዴሌ ውስጥ በትክክል አስገብቼዋለሁ፤ ምን ያህል እንደሚያደክም ግን የትም አልጻፍኩም። ዐሥረኛው ላይ መዳፌ ተላጠ። ዐሥራ ስምንተኛው ላይ ውሃው ቧንቧው ውስጥ ሲንጎራጎር ሰማሁ። ሲያልቅ ብረቱን ተደግፌ ቆምኩ፤ የጨረስኩትን ለማን እንደማሳይ ጠፋኝ። ይህን ድምፅ እሱ በየሐሙሱ ብቻውን ሰምቶት ነበር። አብሬው አንድም ቀን አልወጣሁም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ነይ እንውጣ ሲለኝ ሥራ አለብኝ እያልኩ።

ቁልቁል ስንመለስ ሪፖርቱን ምን እንደማደርገው ወስኜ ጨርሼ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ይወጣል፣ የሚጣለውም የእኔ ሞዴል ይሆናል። የሳሊሕ መስመር ባዶውን ይገባል፤ ከበደ የፈለገውን ይበል።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰው ሲለቅ ሳጥኑን እንሰርዛለን፤ ልማድ ነው። ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ «ጋሽ ኑርዬ፣ እንግዲህ ስሙን ከደብተሩ ማውጣት አለብን?» አልኳቸው።

«ለምን ሲባል?» አሉ። «የሞተ ሰው ቤቱ ኸቅሬ አይወጣም። ተራው የሱ ነው፤ አንቺ ትሠሪለታለሽ። ይልቅ ያንቺን ሙይ።» ብዕር ሰጡኝ። ከስሜ ቀጥሎ «እሷ ከሌለች» የሚል ተጽፎ ባዶ ቦታ አለ።

ብዕሩን ይዤ ቆምኩ። እናትና አባቴ የሉም። እህቴ ኢቲሳም ሪያድ የሰው ቤት ነው ያለችው፤ ከአሠሪዋ ፈቃድ ውጪ ስልክ እንኳ አታነሳም። ዙሌይካ ባቲ ናት። ከበደ? ከበደ ለቢሮው ጉዳይ ካልሆነ ስሜንም አይጠራ። እኔ ብቀር ማን ይመጣልኛል? ሠላሳ አራት ዓመት ኖሬ አንድ ስም አጣሁ። ሳሊሕ እዚህ ቦታ ላይ ቆሞ እኔን አገኘ፤ እኔ ማንንም አላገኘሁም። ጋሽ ኑርዬ አልቸኮሉም፤ እያዩኝ ግን ነበር።

«የለኝም» አልኩ በመጨረሻ።

እትዬ ኡሙሰልማ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበራቸው ወጥተው ነበር። ደብተሩ ጋ እስኪደርሱ በቀስታ መጡ።

«እኔን ጻፊ» አሉ።

«ሃያ ሁለት ዙር ነው እኮ ኡሙሰልማ» አሉ ጋሽ ኑርዬ። «አትችይውም።»

ሴትዮዋ እሳቸውን አልሰሟቸውም። የተላጠውን መዳፌን አየት አደረጉና፣ ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓይኔን አዩኝ።

«ጻፊ» አሉኝ። «ግና አትቅሪ። እኔ አልችለውም።»